ሳይኮሎጂን ባችለርና ማስተርስ አንድ ላይ ለመማር፦ አሜሪካ ላላችሁ ተማሪዎች የአሠራር መመሪያ

«ልጄ ሳይኮሎጂ ልትማር ነው። ባችለሩንና ማስተርሱን በአምስት ዓመት አንድ ላይ የሚሰጥ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ይህ ጥያቄ ከቅዳሴ በኋላም፣ ለቅሶ ቤትም፣ በቴሌግራምም ይመጣልኛል። አንዳንዴ የሚጠይቁኝ ወላጆች ናቸው፣ አንዳንዴም ልጆቹ ራሳቸው። ለእያንዳንዱ በቃል ከምመልስ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

አዎ፣ እውነት ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አላቸው። ስሙ ይለያያል፤ አንዱ «አክስለሬትድ ማስተርስ» ይለዋል፣ ሌላው «ፎር ፕላስ ዋን»፣ ሌላው «ኮምባይንድ ዲግሪ»። አሠራሩ ግን ይመሳሰላል። ባችለር ላይ ሳላችሁ ጥቂት የማስተርስ ኮርሶች ትወስዳላችሁ። እነዚያ ኮርሶች ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠሩላችኋል።

መመሪያው እዚህ ባችለር ለጀመረ ወይም ሊጀምር ላለ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ጨርሳችሁ የመጣችሁ ከሆነ ይህ መንገድ አይመለከታችሁም። ትራንስክሪፕታችሁን የውጭ ዲግሪ በሚገመግም ድርጅት አስገምግማችሁ በቀጥታ ለማስተርስ አመልክቱ። «አዲስ አገር ነው» ብላችሁ ባችለር ከዜሮ አትጀምሩ። እንዲህ ብለው አራት ዓመት የደገሙ ሰዎች አውቃለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እናንተ የገባችሁበት ዓመት የዩኒቨርሲቲው ካታሎግ (የዘንድሮው ሳይሆን የገባችሁበት፤ የምትመዘኑት በእሱ ነው)
- የባችለሩ እና የማስተርሱ የኮርስ ዝርዝር፣ ሁለቱም ታትመው
- ከፖርታሉ የሚወርደው ትራንስክሪፕታችሁ፤ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከተማራችሁ የዚያም
- ልትሠሩበት ያሰባችሁበት ስቴት የካውንስለሮች ቦርድ የሚያወጣው የላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) መስፈርት
- ኤክሴል ወይም አንድ ሰፊ ወረቀት
- የፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) መግቢያችሁ
- በስም የሚያውቋችሁ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን (ገና ከሌሏችሁ ደረጃ 5 ላይ እንመጣበታለን)

ደረጃ 1፦ መጨረሻ ላይ የምትሠሩትን ሥራ ወስኑ

ብዙ ሰው የሚጀምረው «የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?» ብሎ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሥራው ነው። ምክንያቱም «ማስተርስ በሳይኮሎጂ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ዲግሪዎች የሚከፍቱት በር ለየቅል ነው።

ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብላችሁ ማማከር፣ ቴራፒ መስጠት ከፈለጋችሁ የምትፈልጉት የካውንስሊንግ ማስተርስ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ 60 ክሬዲት ነው። የካውንስሊንግ ፕሮግራሞችን እውቅና የሚሰጠው አካል ኬክሬፕ ይባላል። ፕሮግራሙ የኬክሬፕ እውቅና ካለው ላይሰንስ ስትጠይቁ ነገሩ ይቀላል፣ ሌላ ስቴት ስትዛወሩም ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

አጠቃላይ ሳይኮሎጂ ወይም ኤክስፐሪመንታል የሚባለው ማስተርስ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት አካባቢ ነው። ለምርምር ሥራ፣ ለዳታ ሥራ፣ ለዶክትሬት መንደርደሪያ ጥሩ ነው። ቴራፒ ለመስጠት ግን ላይሰንስ አያስገኝም። የአምስት ዓመቱ ጥምር ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ በዚህኛው ላይ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አምስት ዓመት ተምሮ፣ ጋዋን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ክሊኒክ ሲያመለክት «ላይሰንስ አትችልም» ይባላል።

የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ቅጥር፣ ሥልጠና የሚስባችሁ ከሆነ ኢንዱስትሪያል ኦርጋናይዜሽናል የሚባለው ዘርፍ አለ፤ በማስተርስ ብቻ ሥራ ይገኝበታል። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር መሥራት የምትፈልጉ የቢሄቪየር አናሊሲስ ማስተርስን እዩ። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠራው ስኩል ሳይኮሎጂስት ደግሞ ከተራ ማስተርስ ከፍ ያለ የስፔሻሊስት ዲግሪና 1,200 ሰዓት ኢንተርንሺፕ ይጠየቃል።

«ሳይኮሎጂስት» መባል ራሱ በአብዛኛው ስቴት ዶክትሬት ይፈልጋል። ሕልማችሁ እሱ ከሆነ ቆም በሉ። ብዙ የፒኤችዲ ፕሮግራሞች ተማሪ ከባችለር በቀጥታ ይቀበላሉ፤ ክፍያውን ሸፍነው የኪስ ገንዘብ የሚሰጡም አሉ። ጂፒኤያችሁ (አማካይ ውጤታችሁ) ጥሩ ከሆነና የምርምር ልምድ ካላችሁ፣ ለማስተርስ ዓመት የምትከፍሉት ገንዘብ ላያስፈልግ ይችላል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ግባችሁ ቴራፒ ብቻ ከሆነ ሶሻል ወርክንም እዩ። የሶሻል ወርክ ባችለር ያለው ሰው ብዙ ቦታ ማስተርሱን በአንድ ዓመት አካባቢ ይጨርሳል። ሳይኮሎጂ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አትበሉ።

ደረጃ 2፦ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ

ባችለር በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። ለሁለቱም ዲግሪ የሚቆጠረው እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ 9 ወይም 12 ክሬዲት የተለመደ ነው። ሁለት ምሳሌ እንሥራ።

ማስተርሱ 36 ክሬዲት ይሁን፣ 12ቱ ለሁለቱም ይቆጠር። 24 ይቀራል። በሴሚስተር 12 ከወሰዳችሁ ሁለት ሴሚስተር ነው። አራት ዓመትና አንድ ዓመት፣ አምስት። ሒሳቡ ገጠመ።

አሁን ማስተርሱ 60 ክሬዲት ይሁን፣ እንደገና 12ቱ ይቆጠር። 48 ይቀራል። በሴሚስተር 12 ሲወሰድ አራት ሴሚስተር፣ ማለትም ሁለት ዓመት። ድምሩ ስድስት ዓመት ነው። እየሠራችሁ በሴሚስተር 6 ክሬዲት ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ 48ቱ ስምንት ሴሚስተር ይፈጃል። ሰመር ካልተማራችሁ ይህ አራት ዓመት ነው።

ይህን ለምን አሠራኋችሁ? ጥምር ፕሮግራም የሚቆጥብላችሁ ለሁለቱም የተቆጠረውን ክሬዲት ብቻ ስለሆነ ነው። 12 ክሬዲት ማለት የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ግን ላይሰንስ የማያስገኝ ዲግሪ ለመያዝ አንድ ሴሚስተር መቆጠብ ኪሳራ ነው።

ደረጃ 3፦ የመግቢያ መስፈርቱን ከካታሎጉ ላይ አንብቡ

ከጓደኛ አትስሙ፣ እኔም ጋ አትቁሙ። ካታሎጉን ክፈቱና አራት ነገር ጻፉ፦ የሚፈለገው ጂፒኤ (ብዙ ጊዜ ከ3.0 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ ነው)፣ ከማመልከታችሁ በፊት ማለቅ ያለበት ክሬዲት፣ ቀድመው መወሰድ ያለባቸው ኮርሶች፣ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን።

የመጨረሻው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጁኒየር (ሦስተኛ) ዓመት ላይ ነው። ሲኒየር (አራተኛ ዓመት) ሆናችሁ ከነቃችሁ በሩ ተዘግቷል፤ ያኔ የሚቀረው እንደ ማንኛውም ሰው ለማስተርስ ማመልከት ነው።

ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የምትዛወሩ ለዚህ ልዩ ትኩረት ስጡ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ሆነ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ተምራችሁ 60 ክሬዲት ይዛችሁ ስትዛወሩ ጁኒየር ናችሁ ማለት ነው። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እሱ ጋ የተሠራ ጂፒኤ ማየት ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ከመዛወራችሁ በፊት ለሳይኮሎጂ ዲፓርትመንቱ አድቫይዘር ኢሜይል ጻፉና «ከሌላ ኮሌጅ የሚመጣ ተማሪ በየትኛው ሴሚስተር ማመልከት ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አስቀምጡት።

ደረጃ 4፦ ስታትስቲክስንና ሪሰርች ሜተድስን አታዘግዩ

እነዚህ ሁለት ኮርሶች ሰንሰለት ናቸው። ብዙ ቦታ ስታትስቲክስ ሳይወሰድ ሪሰርች ሜተድስ አይገባም። ሪሰርች ሜተድስ ሳያልቅ ከፍተኛዎቹ ኮርሶች አይከፈቱም፣ ማስተርሶቹም አይከፈቱም። አንዱን በአንድ ሴሚስተር ስታዘገዩ ሁሉም ተያይዞ ይዘገያል።

ሳይኮሎጂ የመረጡ ብዙ ልጆች «ሒሳብ አይሆነኝም» ብለው ነው የመጡት፣ ስታትስቲክስንም እስከ መጨረሻ ይሸሹታል። አትሽሹት። ከባድ ካልኩለስ የለውም። አማካይ፣ ስርጭት፣ ሁለት ቡድን በእርግጥ ይለያያል ወይስ እንዲያው አጋጣሚ ነው የሚለው ነው። ሶፎሞር (ሁለተኛ ዓመት) ላይ ጨርሱት። ኤስፒኤስኤስ ወይም አር የሚባለውን ሶፍትዌር ክፍል ውስጥ ሲያሳዩዋችሁ ቤት ገብታችሁ ድገሙት። ላብ (የመምህራን የምርምር ቡድን) ለመግባት የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ሰው ይወቃችሁ፣ ልምድም ያዙ

ማመልከቻው ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ የሚያውቃችሁ መምህር ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው መምህር ቢሮ የሚጠራ ሰው ጥፋት ያጠፋ ነው በሚል አመለካከት ነው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። የቢሮ ሰዓት የሚባለው ለእናንተ የተመደበ ሰዓት ነው። ኤ አምጥታችሁ ከኋላ ወንበር ዝም ካላችሁ መምህሩ የሚጽፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «ክፍሌ ነበረች። ኤ አግኝታለች።»

ላብ ለመግባት ለመምህሩ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ስማችሁንና ዓመታችሁን፣ ስታትስቲክስ መውሰዳችሁን፣ ከጽሑፎቹ አንዱን አንብባችሁ የገረማችሁን አንድ ነገር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት መሥራት እንደምትችሉ፣ በመጨረሻም 15 ደቂቃ እንዲሰጣችሁ። አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጽሑፉን ሳታነቡ «ምርምርዎ በጣም ደስ ይላል» አትበሉ፤ ወዲያው ይታወቃል። በሁለት ሳምንት ካልመለሰ አንዴ አስታውሱት።

ላብ ከገባችሁ ሲቲአይ የሚባል የምርምር ሥነ ምግባር ሥልጠና ትወስዳላችሁ፤ በኦንላይን ነው፣ ሰርተፍኬቱን አስቀምጡት። የሰው መረጃ ከመንካታችሁ በፊት ይጠየቃል።

እየሠራችሁ የምትማሩ ከሆናችሁ ሥራችሁን ወደ ዘርፉ አስጠጉት። አርቢቲ የሚባለው ሥራ፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር የሚሠራው፣ 18 ዓመት የሞላውና ሃይስኩል የጨረሰ ሰው የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ፣ ብቃቱ ተገምግሞና ፈተና አልፎ ይገባበታል። ለማመልከቻም ለልብም ይጠቅማል፤ ይህ ሥራ ለእኔ ነው ወይ የሚለውን ዲግሪው ሳያልቅ ያሳያችኋል።

ደረጃ 6፦ ማመልከቻውን ጻፉ

ትራንስክሪፕት፣ ሲቪ፣ ደብዳቤዎችና የዓላማ መግለጫ ይላካሉ። መምህራኑን ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ጠይቁ።

የዓላማ መግለጫው ላይ ልቆይ፣ ብዙ ረቂቅ አይቻለሁና። አሥሩ ረቂቅ አሥር ጊዜ የሚጀምረው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብሎ ነው። እውነት ነው፣ ግን አንባቢው ምንም አያይበትም። አንዲት ተማሪ እንደዚያ ጽፋ አመጣችልኝ። «መቼ ነው የረዳሽው? አንድ ቀን ንገሪኝ» አልኳት። በአዛውንቶች መዋያ ትሠራ ነበር። አንዲት እናት ለነርሷ «ልቤን ይጨንቀኛል» አሏት። ነርሷ በተርጓሚ ስልክ የሰማችውን የልብ ሕመም ብላ መዘገበችው። ልጅቷ ግን ገባት። እኒያ እናት ልጃቸውን ከቀበሩ ገና አርባው አልወጣም ነበር። ሄዳ ለነርሷ አስረዳች። መግለጫው ከዚህ ተጀመረ፣ ቀጥሎም «ጭንቀት በአማርኛ እንዴት እንደሚነገር ማጥናት እፈልጋለሁ» አለ። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ ከየትኛው መምህር ጋር ለምን መሥራት እንደምትፈልግ ጨመረች። በቃ፣ ይኸው ነው።

የቤተሰብን ቁስል ግን አትዘርዝሩ። የአባትን መጠጥ፣ የእናትን ሕመም ከነዝርዝሩ መጻፍ ገመናን ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው፤ አንባቢውም እናንተ ሚስጥር መያዝ ትችሉ እንደሆነ ይጠራጠራል።

ደረጃ 7፦ ስትመዘገቡ የኮርሱን ቁጥር አረጋግጡ

እዚህ እኔ ራሴ ተጎድቻለሁ። አንዳንድ ኮርስ አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ አንድ ሰዓት ሆኖ ሁለት ቁጥር አለው። በ400 ቤት ያለው ለባችለር፣ በ500 ወይም በ600 ቤት ያለው ለማስተርስ ነው። ፖርታሉ መጀመሪያ ያሳየኝ የ400ውን ነበር፣ እሱን ተጫንኩ። ከማስተርስ ተማሪዎች አጠገብ ተቀምጬ ተማርኩ፣ ኤ አገኘሁ። ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ስክሪኗን ወደ እኔ አዞረችና ቁጥሩን በእስክሪብቶዋ ጫፍ አሳየችኝ። ሦስት ክሬዲት ለማስተርሱ አልተቆጠረም። ሌላ ኮርስ ከፍዬ ተካሁት።

ስለዚህ፦

- ከምዝገባ በፊት ለሁለቱም የሚቆጠሩትን ኮርሶች ዝርዝር አድቫይዘራችሁ በጽሑፍ ያጽድቅ።
- ከምዝገባ በኋላ ቁጥሩንና «ግራጁዌት» የሚለውን ደረጃ ፖርታሉ ላይ እዩ፣ ስክሪንሾት አንሱ።
- ስህተት ካያችሁ ኮርስ መቀየሪያው ቀን ሳያልፍ አስተካክሉ። ይህ ብዙ ቦታ የሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ነው። ካለፈ በኋላ ልመና ነው።

ደረጃ 8፦ ገንዘቡን ከፋይናንሻል ኤድ ቢሮ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ

ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ) ለመጀመሪያ ባችለር ብቻ ነው። በ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ባችለራችሁ የተሰጠ ዕለት፣ ወይም ትምህርት ቤቱ እናንተን «ግራጁዌት ተማሪ» ብሎ የቀየረ ዕለት ይቆማል። አንዳንድ ጥምር ፕሮግራም 120 ክሬዲት እስክትሞሉ ባችለር ላይ ያቆያችኋል፤ ሌላው ቀደም ብሎ ይቀይራችኋል። የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሁኔታዬ ከአንደርግራጁዌት ወደ ግራጁዌት የሚቀየረው በየትኛው ሴሚስተር ነው?»

ከተቀየራችሁ በኋላ ወለዱን መንግሥት የሚሸፍነው የተማሪ ብድር አይኖርም፤ ወለድ ከመጀመሪያው ቀን ይቆጥራል። የግራጁዌት የፌዴራል ብድር በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነው። ግራድ ፕላስ የሚባለው ተጨማሪ ብድር ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። የድሮ ተማሪ «ፕላስ ትወስጃለሽ» ካላችሁ መረጃው አርጅቷል።

አንድ የሚያግዝ ነገር አለ። ፋፍሳ ላይ ግራጁዌት ተማሪ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም።

በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ከዲኤስኦ (ትምህርት ቤቱ ውስጥ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ ከሚከታተለው ሠራተኛ) ጋር ሳትነጋገሩ ምንም አትቀይሩ። የትምህርት ደረጃ ሲቀየር አይ 20ው (ለቪዛው መሠረት የሆነው የትምህርት ቤቱ ሰነድ) ይቀየራል። ኦፒቲ (በተማሪ ቪዛ በተማሩበት ሙያ የመሥራት ፈቃድ) ለእያንዳንዱ የዲግሪ ደረጃ 12 ወር ስለሆነ ሁለቱ ዲግሪዎች በአንድ ቀን ከተሰጧችሁ የባችለሩን ዕድል ልታጡ ትችላላችሁ።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻውን ዓመት ለሰዓታት ተዘጋጁበት

ኬክሬፕ ባለው የካውንስሊንግ ፕሮግራም 100 ሰዓት ፕራክቲከም (በክትትል የሚሠራ የተግባር ልምምድ)፣ ከዚያ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም። በሳምንት 40 ሰዓት እየሠራችሁ ይህን ልጨምር ብትሉ ሰውነት አይችልም። ከአንድ ዓመት በፊት ገንዘብ ማስቀመጥ ጀምሩ፣ ቤተሰብም ይወቅ።

ከዲግሪ በኋላም ላይሰንሱ ወዲያው አይመጣም። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ኤልፒሲ (ላይሰንስ ያለው ካውንስለር) ለመሆን በተቆጣጣሪ ሥር 3,400 ሰዓት ይጠይቃል። ለወላጆች ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ «ጨረስኩ አላልሽም ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንዳያስጨንቃችሁ።

ማስጠንቀቂያ

የማስተርስ ኮርስ ላይ ሲ ብዙ ቦታ እንደ መውደቅ ይቆጠራል፤ ለሁለቱም እንዲቆጠር ቢ ወይም ከዚያ በላይ ይጠየቃል። መጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት የማስተርስ ኮርስ በላይ አትውሰዱ።

ትምህርቱን የጀመራችሁት የራሳችሁን ሐዘን ወይም ጭንቀት ለመረዳት ከሆነ ትምህርት ክፍሉ ሕክምና አይሆንም። የዩኒቨርሲቲው ካውንስሊንግ ማዕከል ለተማሪ አለ፣ ብዙ ቦታም በነፃ ነው፤ ግቡ። ነገሩ ከከበደ 988 (የአእምሮ ጤና ቀውስ ሲያጋጥም የሚደወልበት መስመር) ደውሉ፣ ቀንም ሌሊትም ይነሳል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*ባችለሩን ለመመረቅ አለማመልከት።* ሁለት ዲግሪ ስለሆነ ሁለት የምረቃ ማመልከቻ ነው። አንዱን ረስቶ ባችለሩ ሳይሰጠው የቀረ አለ።

*መሃል ላይ መውጫውን አለማወቅ።* ማስተርሱ ቢከብድ፣ ቤተሰብ ቢታመም፣ ባችለራችሁን ብቻ ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ? የተወሰዱት ኮርሶች ባችለሩ ላይ እንደተቆጠሩ ይቀራሉ? ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

*ስቴት አለመለየት።* ሜሪላንድ እየኖሩ ቨርጂኒያ መማር የተለመደ ነው። መስፈርቱን የምታዩት ልትሠሩበት ካሰባችሁበት ስቴት ቦርድ ነው፣ ከምትማሩበት አይደለም።

*ሲለበስ (የኮርሱን ይዘት የሚዘረዝረው ወረቀት) መጣል።* ላይሰንስ ቦርድ ከዓመታት በኋላ «ይህ ኮርስ ውስጥ ምን ተማራችሁ?» ብሎ ሲለበስ ሊጠይቅ ይችላል። መምህሩ ጡረታ ወጥቷል፣ የክፍሉ ገጽም ተዘግቷል። የእያንዳንዱን ኮርስ ሲለበስ በመጀመሪያው ሳምንት አውርዳችሁ፣ የኮርሱን ቁጥርና ሴሚስተሩን የፋይሉ ስም ላይ ጽፋችሁ፣ ከትምህርት ቤቱ ኢሜይል ውጭ የራሳችሁ ቦታ ላይ አስቀምጡት። የተመረቃችሁበት ኢሜይል አንድ ቀን ይዘጋል።